በጎረቤቴ ፈንታ ፉትስክሬይን ያስጎበኘሁ ዕለት

የሜልቦርን ሰፈር በሆነው ዌስት ፉትስክሬይ ውስጥ ተከራይተነው የነበረው የጣውላ ቤት፣ የጓሮ አጥሩ ግርጌ ላይ አንዲት ትንሽ በር ነበረችው። ቁመቷ ከጉልበቴ አይበልጥም። በምስማር ተመትታ ከተዘጋች ብዙ ዘመን እንዳለፋት የዛገው ማጠፊያዋ ይናገራል። ባለቤቴ የዶሮ መውጫ ናት አለች። እኔ ደግሞ ውሻ የሚወድ ሰው ያሠራት ይሆናል ብዬ ተውኩት። አንድ ቅዳሜ ሣር ሳጭድ ግን ጎረቤታችን አሮጊቷ ልብስ ሊያሰጡ ወጡና በአጥሩ ላይ ሰላም አሉኝ። ሰላምታው ሲያልቅ ዝም ብሎ መለያየቱ ስለከበደኝ፣ በሯን በጣቴ አሳይቼ ምን እንደሆነች ጠየቅኳቸው።

የያዙትን አንሶላ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ። ድሮ የፍሳሽ ቧንቧ ሳይዘረጋ የየቤቱ ሽንት ቤት ጓሮው ጫፍ ላይ ነበር። ከመቀመጫው ሥር ባልዲ ይቀመጣል። ጋሪ ያለው ሰው በየሳምንቱ በጓሮ በኩል ይመጣና በትንሿ በር እጁን አስገብቶ የሞላውን ባልዲ ይወስዳል፣ ባዶውን ይተካል። በየቤቱ ጀርባ የሚያልፉት ጠባብ የድንጋይ መንገዶች የተሠሩት ለዚሁ ጋሪ ነው።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ የድንጋይ መንገድ እያቋረጥኩ ወደ ባቡር ጣቢያ ስሄድ፣ እንዴት ያለ የተከበረ ጥንታዊ መንገድ ነው እያልኩ በልቤ ሳደንቀው ኖሬያለሁ። ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስነግራቸው እሳቸውም አጥሩን ይዘው ሳቁ። ጉርብትናችን የጀመረው ከዚያ ቀን ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ ከመሰደዴ በፊት ደሴ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ሜልቦርን ስደርስ የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ የማለዳ ሺፍት አገኘሁ፤ ሥራዬ ካርቶን ማሸግ ነበር። እንግሊዝኛዬም የዚያው ሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ «ካርቶን አልቋል»፣ «ማሽኑ ቆሟል»፣ «ብሬክ ነው»። ከዚህ ያለፈ ነገር ለመናገር ስነሳ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አርባ ልጅ ፊት ቆሞ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ከቤቱ ውጭ ሁለት ደቂቃ በተከታታይ ሳይናገር ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ባለቤቴ ይህን ታውቃለች። አንድ ቀን ስለ ወሎ ነገሥታት ራት ላይ ሳወራት ቆይቼ፣ «እኔ ተማሪህ አይደለሁም፤ ግን ቀጥል፣ እሰማለሁ» አለችኝ።

ጎረቤታችን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። የተወለዱት እዚያው ፉትስክሬይ፣ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። በወጣትነታቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ጥይት ፋብሪካ ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ገመድ ፋብሪካ ነበሩ። ባለቤቴ አንቱ የማይባልበት ቋንቋ አንጀቷን ስለማያርሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ «እትዬ» ትላቸዋለች። ትርጉሙን ሲጠይቋት ታላቅ እህት እንደ ማለት ነው አለቻቸው። ደስ አላቸው። በስልክ ሲደውሉልን እንኳ «እትዬ ነኝ» ይሉ ነበር።

እሳቸው ከሰፈሩ የታሪክ ወዳጆች ጋር ሆነው በወር አንድ እሑድ ሰዎችን በእግር ያስጎበኛሉ። የሚያስጎበኙት ቤተ መንግሥት ወይም ሐውልት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰፈሩ ውስጥ የለም። የሚያሳዩት የፋብሪካ ግድግዳ፣ የጓሮ መንገድ፣ የወንዝ ዳር ነው። እኔም እሑድ ሥራ ስለሌለኝ አብሬያቸው መሄድ ጀመርኩ፤ የድሮ ፎቶግራፎች ያሉበትን ካርቶን እሸከምላቸዋለሁ። ካርቶን መሸከም የለመድኩት ሥራ ነው።

በዚያ ዓመት ክረምት ድምፃቸው መጎርነን ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አሉ። ጉንፋኑ ሄዶ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። በነሐሴ ወር ንግግራቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሽ ጀመር። ባለቤቴ ዝንጅብልና ማር አፍልታ ብትወስድላቸው አመስግነው ጠጡ፣ ለውጥ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። የድምፅ አውታራቸው ላይ ትንሽ እብጠት ታይታ በቀዶ ሕክምና እንድትወጣ ተወሰነ። ከወጣች በኋላ ትመረመራለች። ሐኪሙ ካንሰር ነው አላለም፤ አይደለምም አላለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳይናገሩ፣ በሹክሹክታ እንኳ እንዳይሞክሩ አዘዛቸው።

ይህን የነገሩን እኛ ቤት ወጥ ቤት ተቀምጠው ነው። ስለ በሽታው ብዙም አላወሩም። ያስጨነቃቸው የጥቅምቱ ጉብኝት ነበር። የዓመቱ ትልቁ ጉብኝት እሱ ነው፤ ሠላሳ ሰው ቡክ አድርጓል። ቀኑ ደግሞ ዝም በሉ ከተባሉበት ሁለት ሳምንት መካከል ላይ ወድቋል። እንግዲህ ቀኑን ያዛውሩታል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ታስጎበኛለህ» አሉኝ።

አልችልም አልኩ። ምክንያቴን ደረደርኩ። ሰፈሩ የእኔ አይደለም፤ እንግሊዝኛዬ የፋብሪካ ነው፤ የሚመጡት ሰዎች እዚያው የተወለዱ ናቸው፣ እኔ ከሌላ አገር መጥቼ ስለ አያቶቻቸው ብነግራቸው ነውር ነው። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጥሩ እንግሊዝኛ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙ ኖረዋል» አሉ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ። «እኔ የምፈልገው አስተማሪ ነው።»

ባለቤቴ ድስቱን እያማሰለች ነበር፤ አልዞረችም። ግን በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «አብሽር፣ እሺ በላቸው» አለችኝ። እሺ አልኩ። ወዲያው ተጸጸትኩ።

ቀዶ ሕክምናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ከሥራ መልስ ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገዱን አብረን እንሄድ ጀመር። ድምፃቸውን እየቆጠቡ፣ በአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይናገራሉ። እኔ እጽፋለሁ። ብዙ ጊዜ ያለፍኩበትን ግድግዳ ሁሉ ያን ጊዜ እንደ አዲስ አየሁት።

ገመድ ፋብሪካው ያኔም አልተዘጋም ነበር፤ ግን የቀሩት ሠራተኞች ጥቂት ናቸው። ከጎኑ ረጅም፣ በጣም ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበረው። የረዘመበትን ምክንያት ነገሩኝ። ገመድ የሚፈትለው ሰው ቃጫውን ወገቡ ላይ ይጠቀልልና ከመንኮራኩሩ እየራቀ ወደ ኋላ ይሄዳል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር እሱም እየራቀ፣ ቤቱ ጫፍ እስኪደርስ ወደ ኋላ ይራመዳል። አባታቸው በዚህ ሥራ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ሲሄዱ ውለው ማታ ወደ ቤት ሲመጡ ብቻ ወደ ፊት ይራመዳሉ። ይህን ሲነግሩኝ በእጃቸው የቆርቆሮውን ግድግዳ እየዳሰሱ ነበር።

ስለ ጥይት ፋብሪካው ደግሞ የነገሩኝ ስለ ፀጉር ነው። ሴቶቹ በር ላይ ይፈተሻሉ። ባሩድ ባለበት ብረት ስለማይገባ ቀለበትም የፀጉር ሽቦም ያወልቃሉ፤ ፀጉራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ያስራሉ። እሳቸው ያኔ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከሥራ በኋላ ዳንስ ቤት ሲሄዱ በባቡሩ ውስጥ ሁሉም ሴት በአንድ ጊዜ ጨርቁን ፈትታ ፀጉሯን ታበጥራለች። ባቡሩ በሙሉ ማበጠሪያ ነበር አሉኝ።

አንዳንዱ ነገር ያስቀኛል። የባቡር ሠራተኞች በምሳ ሰዓት የፈለሰፉት ትሩጎ የሚባል ጨዋታ አለ። ከፉርጎ የወለቀ የጎማ ቀለበት መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግቡ ሰጥተው፣ እግራቸውን ከፍተው በትልቅ መዶሻ በእግራቸው መካከል ይመቱታል። ጡረተኞቹ ዛሬም ነጭ ልብስ ለብሰው ይጫወቱታል። እዚህ ሰፈር ገመዱም ጨዋታውም ወደ ኋላ ነው እንዴ አልኳቸው። ድምፃቸውን ስለሚቆጥቡ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ።

ከሁሉም ያልተወኝ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ደሴ ሳስተምር ስለ ሩቅ አገር ጦርነትና ስለ ነገሥታት ዘር ሐረግ ልጆቹን ሳስጠና ኖርኩ። የትምህርት ቤቱን የድንጋይ አጥር ማን እንደገነባው ግን አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም። ግንበኛው ያኔ በሕይወት ነበሩ። ሙጋድ ሰፈር ካለው ሻይ ቤት በር ላይ ሲቀመጡ በየቀኑ ሰላም እላቸው ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ሆስፒታል ልንጠይቃቸው ስንሄድ በክር የታሰረ ትንሽ ደብተር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጠበቁን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ደህና ነኝ፣ ርቦኛል» የሚል ጽፈው ነበር፤ ለሚመጣው ሁሉ እሱን ያሳያሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ለእኔ ብቻ፣ ውጤቱ ከጉብኝቱ በኋላ ባለው ማክሰኞ እንደሚነገራቸው ጻፉ። ቀጥለው እስክሪብቶውን ለጥቂት ጊዜ ይዘው ቆዩ፣ ምንም ሳይጨምሩ ገጹን ገለጡ። መፍራታቸውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተሰበሰብን። ሰዉ አብዛኛው ሽማግሌና አሮጊት ነው፤ ባርኔጣ፣ የውሃ ኮዳ፣ ምቹ ጫማ። ባለቤቴ ትምጣ አትምጣ ስል ሰንብቼ ነበር፤ እሷ ግን ሳታማክረኝ ለብሳ ወጣች፣ ከኋላ ቆመች። እትዬ ከአጠገቤ ናቸው፣ ደብተራቸው አንገታቸው ላይ። የታሪክ ወዳጆቹ ጸሐፊ አስተዋወቁኝና ቦታውን ለቀቁልኝ።

ከፊት የቆሙ አንድ ቁመታም፣ ፊታቸው የቀላ ሽማግሌ ነበሩ። አንገታቸው ላይ የኳስ ክለባቸውን ሻርፕ ጠምጥመዋል፤ ሙቀቱ ግን ለሻርፕ አይሆንም። እኔ አፌን ሳልከፍት እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ኖረሃል ሲሉ ጠየቁኝ። ሦስት አልኳቸው። እሳቸው ሰባ ስድስት ዓመት እንደኖሩ ለሁላችንም አስታወቁ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ እኔ ግን ከጆሮዬ እስከ ተረከዜ ነደድኩ።

ወረቀቴን አወጣሁ። እንግሊዝኛውን ያቃናልኝ የማታ ትምህርት መምህሬ ነበር፤ ቆንጆ ነው። ማንበብ ጀመርኩ። መስመሩ ይጠፋኛል፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀና ስል አንዲት ሴትዮ በትሕትና ፈገግ ብለው ያዩኛል፤ የማይሰሙትን ሰው ሲያዩ የሚደረግ ፈገግታ ነው። ባለቤቴ ጫማዋን ታያለች።

ያኔ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። በእርጋታ አራት ቦታ አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ዚፑን ዘጉት። ደብተራቸው ላይም ምንም አልጻፉም። እጃቸውን አጣጥፈው፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ፣ እኔን ማየት ጀመሩ።

 በልቤ ቢስሚላህ አልኩ። በዘጠኝ ዓመት ማስተማር ውስጥ ትምህርቴን ሳልዘጋጅ የገባሁባቸው ቀኖች ነበሩ። በእነዚያ ቀኖች የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ጠየቅኩ። ከእናንተ መካከል እዚህ የተወለደ ማነው አልኩ። ሃያ የሚሆን እጅ ወጣ። በጓሮው በኩል ጋሪው ሲመጣ የሚያስታውስስ? ዘጠኝ እጅ ቀረ፣ ሁሉም እየሳቀ። ኑ እንግዲያው፣ እሱን መንገድ እናያለን አልኩና መራመድ ጀመርኩ። ከኋላዬ እግሮቻቸውን ስሰማ አልዞርኩም።

የጓሮ መንገዱ ላይ የኔን ስሕተት ነገርኳቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሽንት ቤት ጋሪ መንገድ እንደ ጥንት መንገድ ሳከብር መኖሬን። ድንጋዩንም መርከብ ከሌላ አገር ያመጣው ነው አልኳቸው። በጣም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛዬ አልተሻሻለም፣ ግን ማሰቡን ተውኩት። ቃል ሲጠፋኝ በእጄ አሳያለሁ፤ አንዱ ቃሉን ይሰጠኛል፤ አመስግኜ እቀጥላለሁ።

ገመድ ፋብሪካው ጋ ስንደርስ ስለ ፈታዮቹ አወራሁ። ወደ ኋላ እንዴት እንደሚራመዱ ለማሳየት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ ክሩን በየትኛው እጅ እንደሚይዙ ረስቻለሁ። እትዬን አየኋቸው። አልረዱኝም። አላውቅም አልኩ ጮክ ብዬ፤ የሚያውቅ ካለ ያሳየን። ባለ ሻርፑ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጎታቸው እዚህ ይሠሩ ነበር። ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ወገባቸው ላይ ጠቀለሉ፣ ጫፉን በቀኝ እጃቸው ይዘው ግራውን ወደ ፊት ዘረጉና በእግረኛ መንገዱ ላይ ወደ ኋላ ይራመዱ ጀመር። አንዲት ሴትዮ ከስልክ እንጨት ጋር እንዳይጋጩ ከጀርባቸው በመዳፏ እየደገፈች ትከተላለች። ሠላሳ ሰው መንገድ ከፈተላቸው። እስከ ቆርቆሮው ቤት ጫፍ ሄዱ። ሲመለሱ ደረታቸው ይነፋ ነበር፣ ግማሹ በድካም ግማሹ በኩራት። ሰዉ አጨበጨበ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሁሉም ያወራ ነበር። ማሪቢርኖንግ ዛሬ ንጹሕ ነው፤ ዳክዬ አለበት፣ ብስክሌት የሚነዳ አለበት። ድሮ ግን ቄራው፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ሞራ ማቅለጫው ሁሉ ፍሳሹን እዚያው ይለቅቅ ነበር። ባሕሩ ወደ ላይ ስለሚገፋው የመጀመሪያዎቹ ፈረንጆች ጨዋማ ወንዝ ይሉት ነበር። ከእነሱ በፊት ደግሞ፣ ከዘመን ቁጥር በፊት፣ ባለቤቶቹ የአገሬው ሰዎች ኢል የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ ያጠምዱበት ነበር። 

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የሠሩት ቄራ መሆኑን ያወቅነው እዚያ ነው። ከሥራ ሲመለሱ እናታቸው በጓሮ በር ላይ ልብሳቸውን ሳያወልቁ አታስገባቸውም ነበር። እኔም ኮምቦልቻ ሥጋ ፋብሪካ የሚሠራ አጎት እንደነበረኝ ነገርኳቸው። ዒድ ሲደርስ ከሁላችንም ቀድሞ ይታጠባል፣ ከሁላችንም በላይ ይሸታል። ሽማግሌው ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

«ሎሚ አልሞከረም?» አሉኝ።

«ሞክሯል። ምንም አልሠራለትም።»

«አይሠራም» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሞክሬዋለሁ።»

ጉብኝቱ ገበያው ጋ አለቀ። የቬትናም ነጋዴዎች ዓሣና ጎመናቸውን የደረደሩበት፣ ሰዉ በአምስት ቋንቋ የሚጯጯህበት ቦታ ነው። ከእነሱም ከእኛም በፊት የመጡት ጣሊያኖቹና ዩጎዝላቮቹ እዚሁ እንደጀመሩ ተናግሬ አመሰገንኩ። ሽማግሌው እጄን ጨበጡና አልለቅ አሉ፤ ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካክለው ሄዱ። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ምን ይመስልሻል ብላት፣ እዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ደሴ የማውቀውን ሰውዬ አየሁት አለችኝ።  አንድ የአትክልት ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ፤ ባለ ሱቋ አላባረረችኝም።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ማክሰኞ ይቀራል። መናገር ስለማይችሉ አብሬያቸው እንድሄድ እትዬ ጽፈው ጠየቁኝ። ሺፍቴን ከሌላ ሰው ጋር ቀየርኩ። በባቡር ወደ ከተማ መሃል ሄድን። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ደብተራቸውን አልከፈቱም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እጀታውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።  እኔ በሆዴ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እደግማለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ወንበሩን አቅርቦ ሳይቀመጥ ነገሩን ተናገረው። ካንሰር አይደለም። ብዙ በሚናገሩ ሰዎች፣ በዘፋኞችና በአስተማሪዎች ላይ የሚወጣ ተራ እብጠት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ቁስሉም ቀድሞ ስለጠገገ ከዛሬ ጀምሮ በዝግታና በጥቂቱ መናገር ይችላሉ።

እትዬ ቦርሳውን ለቀቁት፤ መሬት ወደቀ፤ ማናችንም አላነሣነውም። እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ እንደወጣ የገባኝ ሐኪሙ ፈገግ ሲል ነው። ሦስት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሣ። እስከዚያች ደቂቃ እዚያ መቀመጡን እንኳ አላወቅኩም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ እጅጌዬን ይዘው አስቆሙኝ። ጉሮሯቸውን ቀስ ብለው ሞከሩት።

«ድንጋዩ» አሉ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው፤ የተሰነጠቀ አይደለም። «የጓሮ መንገዱን ድንጋይ መርከብ ከሌላ አገር አመጣው ብለሃል።»

እውነት ነው፣ ብያለሁ።

«ከዚሁ ነው የተቆፈረው። መርከቦቹ ከዚህ ነው ጭነው የሄዱት። ያንን ከተማ» አሉ፣ በመስኮቱ ትልልቆቹን ፎቆች እያሳዩ፣ «መሠረቱን የሰጠነው እኛ ነን።»

እሑድ ለምን ጽፈው አላሳዩኝም ብዬ ጠየቅኳቸው። በጽሑፍ የሰጡት ወቀሳ እንደማይጠፋ፣ በቃል ከሆነ ግን ነፋስ እንደሚወስደው ነገሩኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በሆዳቸው ይዘውት ነበር። ሳቅኩ፣ ሳቁ፣ ወዲያው ሐኪሙ ያዘዘውን አስታውሰው አፋቸውን ዘጉ። አንዲት ነርስ ምን ደስ የሚል ነገር አለ ብላ ጠየቀችን። ስለ ድንጋይ ነው አልኳት።

እሳቸውን በራቸው ድረስ ሸኝቼ ወደ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። ከፊቴ አነበበችው። ከዚያ ከደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ጥቂት አለቀሰች፣ ተነሥታ ገበታ አቀረበች። ድፍን ምስርና ዳቦ በላሁ። ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። እንደዚያ ያለ የቀን እንቅልፍ ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ለዐስር ሶላት ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ስማ አለችኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ሌላ ከተማ ከምትኖር እህታቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። በዝግታ ነው የሚያወሩት። በጥቂቱ የሚለው ትእዛዝ ግን ተረስቷል፤ ውዱእ አድርጌ፣ ሰግጄ፣ ምንጣፌን ጠቅልዬ ስነሣም ገና አልጨረሱም ነበር።